አሮጌውን በርጩማ አትፋቁት

በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ አሮጌ በርጩማ ከአያቶቹ ቤት ያገኘ ወይም ከገበያ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ አናጺ ይወስደዋል። አናጺው በቅን ልብ ጥቁሩን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ስንጥቁን በስቱኮ ይደፍነዋል፣ ከዚያ ቫርኒሽ ይደርብበታል። በማግስቱ የሚረከቡት መቀመጫ ያብረቀርቃል። ትናንት ተጠርቦ ከወጣ በርጩማ የሚለየው ነገር ግን የለም። ሦስት ትውልድ የተቀመጠበት፣ ጭስ የጠጣ፣ ቅቤ የነካው፣ ቡና የፈሰሰበት ገጽ ዱቄት ሆኖ ከአናጺው ወለል ላይ ተጠርጓል።

የጅማና የዙሪያዋ የቡና ከተሞች አሮጌ የእንጨት ዕቃዎች፣ በተለይም በርጩማው፣ ወንበሩና ብርኩማው (የእንጨት ትራሱ)፣ በማን እንደሚሰበሰቡ፣ እንዴት እንደሚጠገኑና ምን እየጠፋባቸው እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። አቋሜን ከመነሻው ልናገር። አሮጌ በርጩማ ሲገኝ ከማጽዳቱ በፊት ታሪኩን መጻፍ ይቀድማል፤ ገጹም የዚያ ታሪክ አካል ስለሆነ መፋቅ የለበትም። (ከሕጎቹ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚወጣ ሥራ ነው። መቀመጫውና ሦስቱ እግሮቹ አንድ አካል ናቸው፤ ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው፣ ማጋጠሚያ የለው። ሦስት እግር የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወጣ ገባ ባለ የአፈር ወለል ላይ ባለ ሦስት እግር ነገር አይወዛወዝም። ጠራቢው እንጨቱ እርጥብ ሳለ በመጥረቢያ ቅርጽ ያስይዘዋል፣ በመሮና በቢላ ያቀጥነዋል፣ ከዚያም በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተወዋል። ተቸኩሎ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል። «የጅማ ወንበር» የሚባለው ደግሞ ከነመደገፊያው ከአንድ ግንድ የሚቀረጽ ነው። ለዚህ ወፍራም ዛፍ ያስፈልጋል፤ ከዛፉም የሚበዛው ፍልጥ ሆኖ ይወድቃል፣ ወንበሩ የሚሆነው ትንሹ ክፍል ነው። ይህን ያህል እንጨት ለአንድ ሰው መቀመጫ ማዋል የሚችለው ያለው ሰው ነበር፤ ወንበሩ የክብር ምልክት የሆነውም አንድም በዚህ ይመስለኛል።

እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ዋንዛ ነው፤ በኦሮምኛ ወዴሳ ይሉታል። ዋንዛ ለጥርብ ሥራ ይመቻል፣ ልቡ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። በጅማ፣ በጎማ፣ በሊሙና በጌራ ደግሞ ከሳሳና ከብርብራ ጋር ቡናን የሚያጠልለው ይኸው ዛፍ ነው። ቡና የሚያፈራው በእሱ ጥላ ሥር ነው፤ ቡናው ተቆልቶና ተፈልቶ ሲቀርብ የሚቀመጡበትም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ትስስር ያለው ዕቃ በአገራችን ብዙ አላውቅም።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ ጅማ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ነበረች። አባ ጅፋር ቀዳማዊ ከ1830 እስከ 1855፣ አባ ጅፋር ዳግማዊ ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። የኋለኛው ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ቆይተዋል። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ሲሆን ገበያው ሂርማታ ነበር። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከከፋ፣ ከሊሙና ከጌራ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት፣ በደቡብ ምዕራብ ስመ ጥር የሆነ ገበያ ነበር። ጣልያኖች ከ1936 በኋላ አዲሱን የጅማ ከተማ ያሳደጉትም እዚያው ሂርማታ ላይ ነው። ዛሬ በጅማ ሙዚየም የንጉሡ የግልና የቤት ዕቃዎች፣ የእንጨት መቀመጫዎቻቸውም ጭምር ይታያሉ። የጅሬኑ ቤተ መንግሥት ራሱ በእንጨት ሥራው የሚታወቅ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይጠቅማል፤ የጅማ ጠራቢ በቤትም በመቀመጫም ላይ ምን ማድረግ ይችል እንደነበር ይታያል።

የንጉሡ ስም ግን ለሰብሳቢው ወጥመድም ሆኗል። ትንሽ የጠቆረ ወንበር ሁሉ «የአባ ጅፋር ዘመን ነው» ይባላል። በውጭ አገር ጨረታዎች ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ የመጣ ባለ መደገፊያ ወንበር ሲያሻቸው «ጅማ»፣ ሲያሻቸው «ጉራጌ» ይሉታል፤ ልዩነቱን የሚያስረዳ ወረቀት አብሮት ስለሌለ። ታዲያ ላቦራቶሪ አይለየውም ወይ? አብዛኛውን ጊዜ አይለየውም። የካርቦን ምርመራ ከ1650 አካባቢ ወዲህ ላለው ዘመን የሚሰጠው መልስ እጅግ የተበተነ ነው፤ አንድ እንጨት በ1700፣ በ1820 ወይም በ1920 ተቆርጦ ሊሆን ይችላል ብሎ ሊመልስ ይችላል። በዚያ ላይ የሚለካው ዛፉ ያደገበትን ጊዜ እንጂ የተጠረበበትን ቀን አይደለም። በርጩማ ላይ ጽሑፍ የለም፣ ፊርማ የለም፣ ዓመተ ምሕረት የለም። ዕድሜውን የሚያውቀው የወጣበት ቤት ብቻ ነው። «እናቴ ስትዳር ይዛው መጣች»፣ «አባ እከሌ ሽማግሌ ሆነው ሲፈርዱ ይቀመጡበት ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም መሣሪያ የተሻለ ማስረጃ ነው። ነጋዴው ቤቱን ሳይጠይቅ ዕቃውን ይዞ በወጣ ጊዜ ያ ማስረጃ ይቋረጣል።

የሠሪዎቹ ስም መጥፋት ከዚህም የባሰ ምክንያት አለው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቀጥቃጩና በብዙ ቦታ እንጨት ጠራቢው ሥራው እየተፈለገ ራሱ የተናቀ ሰው ሆኖ ኖሯል። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በ2003 ያሳተሙት ስለ እነዚህ የተገለሉ ወገኖች የተጻፈ የጥናት ስብስብ ጉዳዩን በየአካባቢው ያሳያል፤ ከሠሪው ጋር ማዕድ አለመቁረስ፣ ጋብቻ አለመፈጸም፣ መሬት መከልከል። በጠራቢው ጥበብ ላይ ተቀምጦ ጠራቢውን ከደጅ የመለሰ ኅብረተሰብ የጠራቢውን ስም አይጽፍም። ስለዚህ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ የተቀማጩን ስም እናነባለን፣ የሠሪውን አናነብም። ስለ አሮጌ ዕቃ ማሰባሰብ ከሚነሱ ነገሮች ሁሉ በጣም የሚቆረቁረኝ ይህ ነው፤ ሊታረም የሚችለውም በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ብቻ ነው።

ማሰባሰቡ የተጀመረው በውጭ ሰዎች ነው ማለት ይቻላል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪኽ ቢበር በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከፋ ደርሶ የሰበሰባቸው የቤት ዕቃዎች ቪየና ይገኛሉ። በ1980 ሮይ ሲበር በአሜሪካ ያዘጋጀው የአፍሪካ የቤት ዕቃዎች ዐውደ ርእይ መቀመጫን፣ ትራስንና ማንኪያን ከጭንብልና ከሐውልት እኩል በሥነ ጥበብ ዓይን እንዲታዩ አደረገ። በ1993 ደግሞ በሎስ አንጀለስ የፋውለር ሙዚየም የአንድ ሰብሳቢን የአፍሪካ ብርኩማዎች በመጽሐፍ አሳተመ፤ የኢትዮጵያ ብርኩማዎችም ከሌሎቹ ጋር ቦታ አግኝተዋል። በአገር ውስጥ ዋናው ሥራ የተሠራው በ1963 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው ሙዚየሙ፣ በስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ትጋት ያደገው፣ የብሔረሰቦችን ዕቃ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ልጅ ሕይወት ቅደም ተከተል ማሳየቱ ትልቅ ብልህነት ነው። ዕቃው ከሕይወት ጋር ሆኖ ይታያል። የጅማ ሙዚየምም በርጩማውን ከጀበናው፣ ከረከቦቱና ከምድጃው ጋር እንዲሁ ቢያሳይ ጎብኚው የበለጠ ይገባዋል።

ብርኩማን በተለይ ላንሳው፤ ከበርጩማው የበለጠ የሰውነት ዕቃ ነውና። ጸጉሩን የተሠራና ቅቤ የተቀባ ሰው ሥራው እንዳይበላሽ አንገቱን የሚያሳርፍበት ትንሽ የእንጨት ትራስ ነው። የጸጉር አሠራሩ ሲለወጥ፣ ትራስና ፍራሽ ሲገባ፣ ሥራ ፈታ። ጎድጎድ ያለው አናቱ ላይ የተጋገረው ጥቁር ቅባት የዓመታት ቅቤና ላብ ነው። ይህን በሳሙናና በፈላ ውሃ የሚያጥብ ሰው ዕቃውን ከሚያውቀው ብቸኛ ሰው ጋር የነበረውን ግንኙነት ያጠፋዋል። ሚዶም እንዲሁ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ቅሪት ለተመራማሪ መረጃ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ አሮጌ የጺም መላጫ ብሩሽ የሚሰበስቡ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ልምድ ይጠቅመናል። የድሮ ብሩሽ ሁለት አካል አለው፤ ከቀንድ፣ ከዝሆን ጥርስ፣ ከእንጨት ወይም ከጥንቱ ፕላስቲክ የተሠራ እጀታ፣ በእሱም ላይ የተተከለ የባጀር ወይም የከርከሮ ጸጉር። ጸጉሩ ያልቃል፣ እጀታው ይኖራል። ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ አሮጌውን ጸጉር ነቅለው አዲስ ይተክላሉ፣ እጀታውን ግን በጥንቃቄ ያቆዩታል። አሮጌውን ጸጉር ለመንቀላቸው ሌላም ምክንያት አላቸው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከእስያ የመጣ በወጉ ያልጸዳ የፈረስ ጸጉር እንደ ባጀር ተመስሎ በብሩሽ ላይ ተተክሎ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ወታደሮችንና ሲቪሎችን አባ ሰንጋ አስይዟል። የጅማ በርጩማ ግን የሚነቀልና የሚተካ ክፍል የለውም። አንድ እንጨት ነው። ስለዚህ «ያለቀውን ቀይር፣ ያላለቀውን አቆይ» የሚለው መመሪያ እዚህ አይሠራም፤ በበርጩማ ላይ ያለቀውና ያላለቀው አንድ አካል ነው። ያለቀው ክፍል፣ ማለትም የተሰረጎደው መቀመጫ፣ የተበላው ጠርዝና ያጠረው እግር፣ የአገልግሎቱ መዝገብ ነው።

አስመስሎ መሥራትን ለይቶ ማወቂያውም ከዚሁ ይመነጫል። አዲስ በርጩማን በጭስ ማጥቆር፣ የጫማ ቀለም ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት፣ አፈር ውስጥ መቅበር በየአፍሪካ አገሩ የታወቀ የነጋዴ ዘዴ ነው። ቀለም ግን ሁሉንም ቦታ እኩል ይሸፍናል፤ አካልና እጅ እንዲህ አያደርጉም። የእውነት አሮጌ የሆነው መቀመጫው ያበራል፣ ሰው አንሥቶ ሲያዘዋውረው የሚይዘው ጠርዝ ሥሩ ልሙጥ ነው፣ የእግሮቹ ጫፍ እኩል አያልቅም፣ ከሆዱ በኩል ግን የመጥረቢያው ምት ጥርት ብሎ ይታያል። ማንም የማይነካው ማዕዘን እንደ መቀመጫው ጠቁሮና አብርቶ ከተገኘ መጠራጠር ነው። ሽታም ይናገራል፤ የቤት ጭስና የሞተር ዘይት አንድ አይደሉም።

ጥገናውን በተመለከተ ከሁሉም ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በስንጥቅ ላይ ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ እርጥብ አገር ናት። እዚያ የኖረ እንጨት አየሩ ደረቅ ወደ ሆነ ቤት፣ ይልቁንም ማሞቂያ ወዳለበት የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ሳሎን ሲገባ እርጥበቱን ይለቅና ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃልም። ብዙ ዲያስፖራ ወገኖች ከአገር የወሰዱት በርጩማ በመጀመሪያው የብርድ ወራት ሲሰነጠቅ «ተታለልን» ይላሉ፤ ጉዳዩ የአየር ለውጥ ነው። ስንጥቁን በጠንካራ ኮላ ወይም በስቱኮ መድፈን ደግሞ ችግሩን ያባብሳል፤ እርጥብ ወቅት ሲመጣ እንጨቱ ያብጣል፣ የሚሰፋበት ቦታ ያጣና ሌላ ቦታ ይፈነዳል። የሚሻለው ዕቃውን ከማሞቂያና ከመስኮት ፀሐይ አርቆ፣ የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው ክፍል ማስቀመጥ፣ ስንጥቁንም እንዳለ መተው ነው። የቀድሞ ባለቤቶች ስንጥቁን በሽቦ፣ በቆርቆሮ ወይም በቆዳ ጠፍር ካሰሩት ያንን ማንሳት ትልቅ ስሕተት ነው። እንዲህ ያለ የቤት ጥገና ሰው ዕቃውን ምን ያህል ይሳሳለት እንደነበር ይናገራል፤ አስተዋይ ሰብሳቢም የሚፈልገው እሱን ነው።

ነቀዝ ሌላው ጠላት ነው። ከሥሩ ዱቄት የሚያራግፍ በርጩማ ሕይወት ያለው ተባይ አለበት። ነጭ ጋዝ ማርከፍከፍ ወይም ፀረ ተባይ መርጨት የተለመደ ቢሆንም ገጹን ያበላሻል፣ ተጠቃሚውንም ይመርዛል። ሙዚየሞች የሚመርጡት ማቀዝቀዝን ነው፤ ዕቃውን በፕላስቲክ አጥብቆ ጠቅልሎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ማቆየት፣ ከዚያም ፕላስቲኩን ሳይፈቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪላበስ መጠበቅ። ቶሎ ከተፈታ ጤዛ ይይዘዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ሁለቱ ሳምንት ሳይቋረጥ መሙላት አለበት፤ መሃል ላይ ከቀለጠ ከመጀመሪያው መቁጠር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ወባ ባለባቸው አካባቢዎች ዲዲቲ ለአሥርት ዓመታት በቤት ግድግዳ ላይ ሲረጭ ኖሯል፤ በእነዚያ ቤቶች የኖረ እንጨት ላይ ቅሪቱ ሊኖር ስለሚችል አቧራውን ስታራግፉ አፍንጫን ሸፍኖ፣ ጓንት አድርጎ፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ፣ ከቤት ውጭ ይሁን። አብዛኛው አሮጌ በርጩማ ከዚህ በላይ ጽዳት አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ግን ለሰብሳቢና ለሙዚየም የሚሆን ደንብ ነው። አሁንም በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ቡና የምትቆላ እናት እግሩ ሲሰበር አዲስ እግር ብታስገጥምለት መብቷ ነው። በሰው ቤት በሥራ ላይ ያለን ዕቃ «ቅርስ ነው፣ አትንኩት» ማለት ከባለቤቱ ነጥቆ ለእኛ ዓይን ማዋል ነው። በቡና ከተሞች ያየሁት ፈተና ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የለቀማ ወራት ገንዘብ ሲገባ የፕላስቲክ ወንበር ይገዛል፤ ያጥባሉ፣ ይደራርባሉ፣ ርካሽ ነው። አሮጌው በርጩማ ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ እሳት ወይም ወደ ነጋዴ ያልፋል። ማንም በዚህ አይወቀስም፤ ነገር ግን ታሪኩን ለመመዝገብ ያለው ጊዜ በየመኸሩ እያጠረ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በሰፊው ይተረጉመዋል፤ በሳይንሳዊ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊ፣ በኪነ ጥበባዊና በእደ ጥበብ ይዘቱ ዋጋ ያለውን የሰው ሥራ ይጨምራል። ቅርስ በእጁ ያለ ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አያወጣም። በወረቀት ደረጃ ጥሩ ነው። የሚያስቸግረው ከአያት በርጩማዎች የትኛው ቅርስ፣ የትኛው የቤት ዕቃ እንደሚሆን የሚለይ በየወረዳው የተመዘገበ ዝርዝር አለመኖሩ ነው። ሳይመዘገብ የወጣን ዕቃ ማስመለስ ደግሞ ከባድ ነው፤ የእኛ መሆኑን የምናሳይበት ሰነድ የለንምና።

አዲስ በርጩማ የመሥራቱም ነገር ከዚሁ አይነጠልም። የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ተገቢ ክልከላ ነበር። ጠራቢው ግን ከገበሬ ጓሮና ከቡና ማሳ በሚገኘው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ወፍራሙ ግንድ ሲጠፋም ሥራው እየቀጠነ፣ ከአንድ ግንድ የሚወጣው ወንበርም በተገጣጠመ ወንበር እየተተካ ይሄዳል። በማሳው ላይ የጥላ ዋንዛ የሚተክል ገበሬ ከአሁኑ ለሚቀጥለው ትውልድ ጠራቢ እንጨት እያቆየ ነው። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት በጥላ ዛፍ ተከላ ዕቅዳቸው ውስጥ ይህን ቢያስገቡ ወጪው ትንሽ ነው።

ምዝገባውን ማን ይሥራው ቢባል፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የቅርስ አስተዳደር ትምህርት ይሰጣል፤ ከተማሪዎቹም መካከል ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰቃ፣ ከሻቤና ከቦንጋ የሚመጡ አሉ። ለእረፍት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የሚያስፈልጋቸው ስልክና ሜትር ብቻ ነው። በርጩማውን ከላይ፣ ከጎንና ከሆዱ በኩል ፎቶ ማንሳት። ቁመቱንና የመቀመጫውን ስፋት መለካት። እንጨቱ ምን እንደሆነ፣ ዛፉ ከየት እንደተቆረጠ መጠየቅ። ከዚያ የሽማግሌዎቹን ድምፅ በራሳቸው ቋንቋ መቅዳት፦ ማን ጠረበው፣ የማን ልጅ ነበር፣ በምን ተከፈለው፣ በቤቱ ውስጥ የት ይቀመጥ ነበር፣ ማን ይቀመጥበት ነበር፣ ማንስ እንዳይቀመጥበት ይከለከል ነበር። አናጺው ከዚያ በኋላ ይጠራ።